ለ12ኛ ክፍል ፈተና ስንለማመድ የሳትናቸውን ጥያቄዎች እንዴት እንመርምራቸው?

ተፈታኝ ከደሴ

ለሁላችሁም ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ስሆን በዚህ ዓመት መጨረሻ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እወስዳለሁ። ያለፉትን ዓመታት የፈተና ወረቀቶች፣ ሞዴል ፈተናዎችንና ከቴሌግራም የማገኛቸውን ጥያቄዎች እሠራለሁ፤ በመልስ ቁልፉ አርማለሁ፤ የሳትኩትን ጥያቄ ማብራሪያ አነብባለሁ፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ወረቀት አልፋለሁ። ችግሬ፣ ማብራሪያውን ሳነብ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆኖ ይታየኝና ጥቂት ቆይቶ ያው ዓይነት ጥያቄ በሌላ ወረቀት ላይ ሲመጣ እንደ አዲስ መሳቴ ነው።

ለምሳሌ ያህል ከኬሚስትሪ አንዱን ልጥቀስ። «4 ግራም ሃይድሮጅን ከ16 ግራም ኦክስጅን ጋር ቢዋሐድ ቢበዛ ስንት ግራም ውሃ ይገኛል?» ይላል፤ አማራጮቹ 9፣ 18፣ 20 እና 36 ናቸው። ይህን ጥያቄ ስቼዋለሁ፤ ማብራሪያውን አንብቤ ገብቶኛል፤ ከዚያ በኋላም መሰሉን ስቻለሁ። ታዲያ አዳዲስ ጥያቄዎችን በብዛት መሥራት ይሻለኛል ወይስ ወደ ሳትኳቸው መመለስ? መመለስ ካለብኝስ ከማንበብ ሌላ ምን ላድርግ?

መምህር ከባሕር ዳር

ልጄ፣ ጥያቄህን በምሳሌ ማስደገፍህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዋናውን ጉዳይ ሳትነግረን አለፍክ፤ ከአራቱ አማራጮች የትኛውን መርጠህ ነበር?

ትክክለኛው መልስ 18 ነው። 4 ግራም ሃይድሮጅን 2 ሞል ሲሆን 16 ግራም ኦክስጅን ግማሽ ሞል ነው። 2 ሞሉ ሃይድሮጅን ለብቻው 1 ሞል ኦክስጅን ስለሚፈልግ ቀድሞ የሚያልቀው፣ ማለትም ሊሚቲንግ ሪአክታንት የሚሆነው፣ ኦክስጅኑ ነው፤ ከግማሽ ሞል ኦክስጅን ደግሞ 1 ሞል ውሃ፣ ማለትም 18 ግራም፣ ይገኛል። የመረጥከው 36 ከነበረ ስሌትህን ከሃይድሮጅኑ ጀምረህ፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚያልቅ ሳታጣራ ጨርሰሃል። 9 ከነበረ ኦክስጅኑ ቀድሞ እንደሚያልቅ ደርሰህበታል፤ ዳሩ ግን 1 ሞል ኦክስጅን 2 ሞል ውሃ እንደሚሰጥ የሚናገረውን የተመጣጠነ ቀመር አላየኸውም። 20 ከነበረ ደግሞ 4ን እና 16ን ደምረሃል፤ ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ወደ ሞል መለወጥ የሚባለው ነገር ጭርሱን ወደ ሐሳብህ አልመጣም ማለት ነው። ልብ በል፤ ሦስት ተማሪዎች ይህን አንድ ጥያቄ ስተው ሦስቱም የተለያየ ትምህርት ያስፈልጋቸዋል። ማብራሪያው ግን ለሦስቱም ያው ነው፤ የሚነግራቸው ትክክለኛው መንገድ የትኛው እንደሆነ እንጂ እነርሱ የት ላይ መንገድ እንደሳቱ አይደለም። «ገባኝ» ያልከው የሌላ ሰው አሠራር ነው፤ የራስህ አሠራር ሳይነካ እንዳለ ተቀምጧል።

የፈተና አዘጋጅ የተሳሳቱትን አማራጮች በዘፈቀደ አይደረድርም። እኔም ሞዴል ፈተና ሳወጣ የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ተማሪዎች በክፍል ሥራ ላይ ደጋግመው የሚሠሩትን ስህተት እስከ መጨረሻው አስልቼ የሚገኘውን ቁጥር አማራጭ አደርገዋለሁ። ስለዚህ የመረጥከው የተሳሳተ አማራጭ ስለ አንተ ይናገራል፤ እንዳይጠፋ መያዝ አለበት።

አሠራሩ እንዲህ ቢሆን እመክራለሁ። ቁልፉ መሳትህን ሲነግርህ ወደ ማብራሪያው አትሩጥ። በመጀመሪያ የራስህን ስሌት ተመልከትና ያን አማራጭ ለምን እንደ መረጥከው በአንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ጻፍ። «የትኛው ቀድሞ እንደሚያልቅ ሳላጣራ ከሃይድሮጅኑ አሰላሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ይጠቅማል፤ «ቸኩዬ ነው» የሚለው አይጠቅምም። ቸኩለህ ከሆነም ዓይንህ የትኛውን ቃል እንደ ዘለለ ወይም እጅህ የትኛውን ምልክት እንደ ለወጠ መጻፍ ይኖርብሃል። ተማሪዎቼ ግማሹን ስህተታቸውን በጥድፊያ ያመካኛሉ፤ ስናጣራው ግን አብዛኛው የዕውቀት ክፍተት ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በኋላ ማብራሪያውን አንብብ፤ ዝጋው፤ በባዶ ወረቀት ላይ ጥያቄውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሥራው። መሐል ላይ ብትቆም የቆምክበትን አንድ መስመር ብቻ አይተህ እንደገና ዝጋው።

የአካውንቲንግ ምሩቅ

መምህራችን ባሉት ላይ፣ ቁልፉን ከማየት በፊት ስለሚሠራ አንድ ሥራ ልጨምር። እኔ የተፈተንኩት በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ነው፤ 100 የምርጫ ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ዝግጅቱ ከ12ኛ ክፍሉ ብዙም አይለይም።

ወረቀቱን በሰዓት ስትሠራ ከተጠራጠርክበት ጥያቄ ቁጥር አጠገብ ነጥብ አድርግ። ሰዓቱ ሲያልቅ ቁልፉን ሳትከፍት፣ ነጥብ ያደረግክባቸውን ጥያቄዎች በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ያለ ሰዓት ገደብ እንደገና ሥራቸው። ሁለቱንም ሙከራ ስታርም ብዙ ነገር ይገለጥልሃል። በሰዓት ስተህ ያለ ሰዓት ያገኘኸው ጥያቄ የፍጥነት ጉዳይ ስለሆነ የምዕራፉን ትምህርት እንደ አዲስ ማጥናት ጊዜ ማባከን ነው። በሁለቱም ሙከራ የሳትከው ወደ መማሪያ መጽሐፉ ይመልስሃል። ነጥብ እያለበት በግምት ያገኘኸውም ከሳትካቸው ጋር መቆጠር አለበት፤ ፈተናው ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀንስ የማያውቁትን መገመት በፈተና ቀን ተገቢ ነው፤ በልምምድ ላይ ግን በግምት የተገኘ መልስ ካልተመረመረ ክፍተቱን ይሸፍናል።

በጣም ሊያሳስብህ የሚገባው ነጥብ ሳታደርግበት የሳትከው ነው። እዚያ ላይ አለማወቅህን አታውቅም።

እናት ከጎፋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልጄ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት። የሳተቻቸውን ጥያቄዎች በሙሉ ከነማብራሪያቸው ወደ አንድ ትልቅ ደብተር በሦስት ቀለም እያሳመረች ትገለብጣለች፤ በዚህም ሌሊቱን ሁሉ ትደክማለች። ደብተሩ የሚያምር ቢሆንም ሞዴል ውጤቷ ሲሻሻል አላየሁም። ልጅቷ እየሠራች ነው ብዬ ዝም ልበል ወይስ ልንገራት?

የሕክምና ተማሪ፣ ጎንደር

እማማ፣ በአክብሮት ይንገሯት። መገልበጥ እጅን እንጂ አእምሮን አያደክምም፤ ሰው የሚቀዳውን ነገር ሳያስብበት ሊቀዳው ይችላል። እኔ በ12ኛ ክፍል ደብተር አልነበረኝም። ጥያቄውን ከወረቀቱ ላይ ቆርጬ በካርቶን ቁራጭ አንድ ገጽ ላይ እለጥፍና በጀርባው ትክክለኛውን መልስ ሳይሆን መምህሩ እንዳሉት የሳትኩበትን ምክንያት ብቻ እጽፍበት ነበር። ካርዶቹን ሁሉ አደባልቄ በአንድ ሳጥን ውስጥ አስቀምጥና ማታ ማታ የወጣልኝን እሠራለሁ። መደባለቁ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የምዕራፉ ርእስ ከላይ ከተጻፈ ጥያቄው በምን ዘዴ እንደሚሠራ አስቀድሞ ይነግረናል፤ በፈተናው ላይ ግን ዘዴውን የምንመርጠው ራሳችን ነን።

እርስዎ ሳይንሱን ባያውቁትም ሊረዷት ይችላሉ። ከደብተሯ ላይ አንድ ጥያቄ ይምረጡና መልሱን ሸፍነው «እስቲ ይህን አስረጂኝ» ይበሏት። ማስረዳት የማትችለው ከሆነ ያ ገጽ ከጌጥነት አላለፈም።

የሥነ ልቡና መምህር

የዚህን ወጣት አሠራር የሚያጠናክሩ ሁለት የታወቁ የምርምር ውጤቶችን ላክል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገር እና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችንና አንብበው ከቃላቸው ለማስታወስ የሞከሩትን አነጻጸሩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ከቃላቸው ለማውጣት የታገሉት በለጡ። የደሴው ተፈታኝ «ሳነበው ግልጽ ነው፤ ቆይቶ ግን ይጠፋኛል» ያለው ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ማንበብ ለጊዜው የሚሰጠው የማወቅ ስሜት የኋላ ኋላ አይገኝም።

ሁለተኛው ውጤት ነጥብ ያልተደረገበትን ስህተት ይመለከታል። ባተርፊልድ እና ሜትካፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በእርግጠኝነት የተሳሳቱት ነገር ትክክለኛው መልስ ሲነገራቸው፣ እየተጠራጠሩ ከተሳሳቱት ይልቅ ይበልጥ እንደሚታረም አሳይተዋል። መደነቁ ትኩረትን ይስባል። ስለዚህ የአካውንቲንጉ ምሩቅ ነጥብ ስለሌላቸው ስህተቶች ያነሡት ስጋት ትክክል ነው፤ እኔ ግን ተስፋ አክልበታለሁ፤ እነዚህ ስህተቶች ከታዩ ብዙ ድካም ሳይጠይቁ የመታረም ዕድል ያላቸው ናቸው። የሚጎዱት ሳይታዩ ከታለፉ ነው።

ተፈታኝ ከደሴ

መምህር፣ አመሰግናለሁ፤ ወረቀቴን ፈልጌ ተመለከትኩት፤ የመረጥኩት 36 ነው። ሌሎቹንም የሞል ስሌት ጥያቄዎች ሳያቸው የሳትኩት ሁልጊዜ መጀመሪያ ከተጻፈው ንጥረ ነገር እየተነሣሁ በማስላቴ ነው። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ቢመስሉም ስህተቱ አንድ መሆኑን አሁን ነው ያስተዋልኩት።

ነገር ግን የሒሳብ አንድ ጥያቄ እንደ እናንተ አሠራር ስመረምር ግራ ገባኝ። መሠረታቸው 2 የሆኑ ሁለት ሎጋሪዝሞች ይደመራሉ፤ አንዱ የ(ሀ − 1)፣ ሌላው የ(ሀ + 1) ነው፤ ድምራቸው 3 ነው፤ «ሀ» ስንት ነው ይላል። እኔ 3 ብዬ መለስኩ፤ ከቴሌግራም ያገኘሁት ቁልፍ «3 እና −3» ይላል። የሳትኩበትን ምክንያት ለመጻፍ ብሞክርም አጣሁት።

የሒሳብ መምህር፣ አዳማ

ምክንያቱን ያጣኸው ስላልሳትክ ነው። ሁለቱ ሎጋሪዝሞች ሲጠቃለሉ ሀ² − 1 = 8 ይሆናል፤ ከዚህ 3 እና −3 ይወጣሉ። −3ን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መልሰህ ብታስገባው ግን −4 እና −2 ሎጋሪዝም ውስጥ ይገባሉ፤ የአሉታዊ ቁጥር ሎጋሪዝም በእውነተኛ ቁጥሮች ውስጥ የለም። መልሱ 3 ብቻ ነው። ቁልፉን ያዘጋጀው ሰው ማረጋገጫውን ዘልሎታል።

በየቴሌግራም ቻናሉ የሚዞሩት ቁልፎች በአብዛኛው ማን እንደ ሠራቸው አይታወቅም፤ ያንዱ ስህተት ወደ ሌላው እየተገለበጠ ስለሚሄድ ሦስት ቻናሎች አንድ ዓይነት መልስ መስጠታቸው ማስረጃ አይሆንም። ተማሪው ቁልፉን አምኖ የሚያውቀውን ትክክለኛ ነገር ሲጥለው ማየት ያሳዝነኛል። በሒሳብና በፊዚክስ መልሱን ወደ ጥያቄው መልሶ በማስገባት ወይም መለኪያውን በማየት ራስህ ማረጋገጥ ትችላለህ። በባዮሎጂ ግን የተማሪው መጽሐፍ ምን ይላል የሚለው ይቀድማል። ከዚህ ሁሉ በኋላም ከቁልፉ ጋር ካልተስማማህ ጥያቄውን ለብቻው አስቀምጠህ መምህርህን ጠይቅ፤ እስከዚያው ከስህተቶችህ ጋር አትቁጠረው።

ከዚሁ ጋር፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ የቀድሞ ፈተናዎች ሁሉ ከምትማረው ጋር አይገጥሙም። አንድን ጥያቄ ከሳትክ በኋላ በመጽሐፍህ ውስጥ ርእሱን ጭርሱን ካጣኸው፣ ሌሊት ይዘህ ከመታገልህ በፊት ይህ ርእስ አሁን እንዳለ መምህርህን ጠይቅ።

አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው፤ ልጄ ለኮሌጅ መግቢያ ኤስኤቲ የተባለውን ፈተና እየተዘጋጀ ነው። እዚህ ያለው ችግር ከእናንተ በተቃራኒው ነው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ድርጅት ብሉቡክ በተባለው መተግበሪያ ላይ የሚሰጣቸው ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች ጥቂት ናቸው፤ ልጄ ግን በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ እየሠራ ውጤቱን ብቻ እያየ ሊጨርሳቸው ነበር። ፈተናው ዲጂታል ከሆነ ወዲህ ንባቡም ሒሳቡም ለሁለት ለሁለት ተከፍሎ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ውጤት የሁለተኛውን ግማሽ ክብደት ይወስናል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ግማሽ የተሳቱ ቀላል ጥያቄዎች ዋጋቸው ይበልጣል፤ ሲገመገሙም እነርሱ መቅደም አለባቸው።

አሁን የተስማማነው፣ ያለፈውን ፈተና ስህተቶች ሳይጨርስ አዲስ ፈተና እንዳይከፍት ነው። መጨረስ የምለው ማንበቡን አይደለም፤ ጥያቄዎቹን ማንም ሳይረዳው ሠርቶ፣ ሌሎቹ ሦስት አማራጮች ለምን እንዳልሆኑ መናገር ሲችል ነው። በንባብ ክፍል ላይ ይህ የመጨረሻው ነገር በጣም ጠቅሞታል፤ ሁለት አማራጮች ትክክል በመሰሉት ቁጥር፣ ከተሳሳተው አማራጭ ውስጥ ምንባቡ ያላለውን ቃል ፈልጎ ከሥሩ ያሰምርበታል።

ተጠራጣሪው

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም ጊዜ እንደ ልብ ያለው ተማሪ ነው የምታስቡት። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ቢሻሻልም 8.4 በመቶ ነው። አብዛኛው ተማሪ ከአንድ ወረቀት ላይ ከግማሽ በላይ ይስታል። እያንዳንዱን የሳተውን ጥያቄ ሐኪም ሕመምተኛን እንደሚመረምር ከመረመረ አንድ ወረቀት ሳይጨርስ ፈተናው ይደርሳል። ለእንዲህ ያለው ተማሪ መጽሐፉን ከመጀመሪያ ማንበብ አይሻለውም?

መምህር ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣ ትክክለኛ ነገር አንሥተሃል። ከአንድ ምዕራፍ ጥያቄዎች አብዛኛውን የሳተ ተማሪ ችግሩ የጥያቄ ምርመራ አይደለም፤ ምዕራፉን ይማር፤ እስከዚያው ወረቀቱን ያስቀምጥ። የምርመራ ዘዴው የሚሠራው ግማሽ ያህል መንገድ ለመጣ ሰው ነው። ለእርሱም ቢሆን ሁሉንም መመርመር አያስፈልግም። በአንድ ወረቀት ላይ የተሳቱትን አሰልፎ ቢመለከታቸው ጥቂቶቹ «ትንሽ ቢቀረኝ ነው» የሚያሰኙ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ማብራሪያቸውን አንብቦ እንኳ የማይገቡት ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ ይጀምር። ግማሽ ነጥብ ለማለፍ ለሚታገል ተማሪ እጅግ ከባዱን ጥያቄ ማሸነፍ ክብር ሊሰጠው ይችላል፤ ነጥብ የሚጨምርለት ግን ሊያገኘው ሲል ያመለጠው ነው። ከባዶቹን መተው በእኔ ዘንድ ስንፍና አይባልም።

መጽሐፍን ከመጀመሪያ ማንበብ ግን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የአራት ዓመት ትምህርት ላለበት ተማሪ የት ላይ ማተኮር እንዳለበት አይነግረውም። የሳታቸው ጥያቄዎች የትኛው ንኡስ ርእስ እንደጎደለው ያሳዩታል፤ ያን ብቻ ያንብብ።

ተፈታኝ ከደሴ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። የሳትኩትን ጥያቄ ከቀናት በኋላ ስመለስበት መልሱ «ቢ» መሆኑን አስታውሳለሁ። ታዲያ መሥራቴን ወይስ ማስታወሴን በምን አውቃለሁ?

መምህር ከባሕር ዳር

ቁጥሮቹን ለውጣቸው። አማራጮቹን ተዋቸው። የመጀመሪያውን ጥያቄህን ልለውጥልህ፤ 4 ግራም ሃይድሮጅን ከ48 ግራም ኦክስጅን ጋር ቢዋሐድ ቢበዛ ስንት ግራም ውሃ ይገኛል? ምን ይተርፋል? «ኦክስጅኑ ነው ቀድሞ የሚያልቀው» ብለህ በቃልህ ይዘኸው ከሆነ እዚህ ላይ ይታወቃል።

ተፈታኝ ከደሴ

ሃይድሮጅኑ 2 ሞል፣ ኦክስጅኑ አንድ ሞል ተኩል ነው። 2 ሞል ሃይድሮጅን የሚፈልገው 1 ሞል ኦክስጅን ስለሆነ አሁን ቀድሞ የሚያልቀው ሃይድሮጅኑ ነው፤ የሚገኘው ውሃ 2 ሞል፣ ማለትም 36 ግራም ነው። ግማሽ ሞል ኦክስጅን፣ ማለትም 16 ግራም፣ ይተርፋል። ከኦክስጅኑ ብነሣ ኖሮ 54 እል ነበር። ለማረጋገጥ ደመርኩት፤ የገባው 4 እና 48 በጠቅላላው 52 ግራም፣ የወጣው 36 እና 16 በጠቅላላው 52 ግራም ነው።

መምህር ከባሕር ዳር

ልክ ነው። ድምሩን ማረጋገጥህን እኔ አልነገርኩህም፤ በካርድህ ጀርባ ጻፈው። ይህን ጥያቄ ለጊዜው ከሳጥኑ አውጣና በሁለት ሳምንት ውስጥ በሌላ ቁጥር፣ ከሌሎች ጋር ተደባልቆ ሥራው። አሁን ወደ ሌሎቹ የሞል ጥያቄዎችህ ተመለስ፤ ስህተቱ አንድ ነው ብለሃልና ሁሉንም መሥራት አይጠበቅብህም፤ ሁለቱን ብቻ መርጠህ ሥራና ስሌትህን እዚህ አምጣው፤ እናየዋለን።